ጓያ የሚሰብረው የቱን ነርቭ ነው?

በደብረ ታቦር ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ከዚህ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የወረደ ሰው ሁሉ የፎገራን ሜዳ ያውቀዋል። ክረምት ርብና ጉማራ የሚተኙበት ዋልካ መሬት ነው። ሩዙ ሲነሳ ወይም ሊነሳ ሲል ገበሬው ጓያ ይበትንበታል። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ጠብ ባይል እንኳ ጓያው መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ ያፈራል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ናይትሮጅን ከአየር እየወሰደ መሬቱን ያለማል። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ነው። ሽሮው ይጥማል፤ ዋጋውም ከሽምብራና ከአተር ይረክሳል። ድርቅ ሌላውን አዝመራ ሲያጠፋ ቆሞ የሚገኘው እሱ ነው። በዚህ በደቡብ ጎንደር በክፉ ዓመት ስንቱን ቤተሰብ ከሞት እንዳተረፈ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ይኸው እህል ለወራት ብቻውን ሲበላ ደግሞ ትናንት ሲያርስ የዋለውን ጎልማሳ እግሩን ይይዘዋል። ሰዉ «ጓያ ሰበረው» ይላል። የተሰበረ አጥንት ግን የለም፤ ጡንቻውም እንዳለ ነው። የተጎዳው ነርቭ ነው። ነርቭ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ሲጎዳ ተመልሶ የሚያድግ አለ፤ አንዴ ከሞተ የማይመለስም አለ። ጓያ የቱን እንደሚነካ ካወቅን፣ ሆስፒታል ምን ሊያደርግ እንደሚችልና ምን ደግሞ በማጀት፣ በማሳና በጤና ኬላ መሠራት እንዳለበት በቀላሉ እንለያለን። የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ቅብብል

ሰው እግሩን ለማንሣት ሲያስብ ትእዛዙ የሚነሣው ከአናት በታች ካለው የአንጎል ክፍል ነው። እዚያ ያለው ሕዋስ ቀጭን ክር አለው። ክሩ በአንጎል ግንድ በኩል ይወርዳል፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሻገርና በአከርካሪ ውስጥ ባለው ኅብለ ሰረሰር አድርጎ ወገብ አካባቢ ይደርሳል። ይህ የመጀመሪያው ቅብብል ነው። እዚያ ሁለተኛው ሕዋስ ትእዛዙን ይቀበላል። የእሱ ክር ከአከርካሪው ወጥቶ በጭን በኩል እስከ ባትና እስከ እግር ጣት ይሄዳል። የስሜት ክሮች ደግሞ በተቃራኒው ከቆዳ ወደ ላይ ይመጣሉ።

በአገራችን እግር ከሚያሽመደምዱ በሽታዎች ሦስቱ ይህን መንገድ በሦስት የተለያየ ቦታ ይመቱታል። እያነከሱ የመጡ ሦስት ሰዎች አንድ ሐኪም ፊት ተቀመጡ እንበል። ሐኪሙ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በትንሽ የጎማ መዶሻ መታ ያደርጋል።

የመጀመሪያው ሰው እግር ቀጭንና ልል ነው፤ ሲመታ አይነቃነቅም። ሲነካ ግን በደንብ ይሰማዋል። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ነበር፤ ቫይረሱ የገደለው ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያለውን ሁለተኛውን ሕዋስ ነው። የሁለተኛው ሰው እግር ጫፉ ይወድቃል፤ እሳት ቢያቃጥለው አይሰማውም። ሐኪሙ ከጉልበቱ በታች በውጭ በኩል በጣቱ ሲዳስስ ነርቩን ወፍሮ ያገኘዋል። ይህ ሥጋ ደዌ ነው፤ ጉዳቱ ከአከርካሪ ውጭ ባለው ነርቭ ላይ ነው።

የሦስተኛው ሰው እግር ጡንቻው አልከሳም። ስሜቱ ሙሉ ነው፤ አእምሮውም እጁም ደህና ነው። እግሩ ግን ግትር ነው፤ ጉልበቶቹ እየተሳሳቡ በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል። መዶሻው መታ ሲያደርገው እግሩ በኃይል ይፈናጠራል። ሐኪሙ የውስጥ እግሩን በቁልፍ ጫፍ ከተረከዝ ወደ ጣት ሲጭረው አውራ ጣቱ ወደ ታች በመታጠፍ ፈንታ ወደ ላይ ይነሣል። ጓያ የያዘው ይህ ሰው ነው። ሁለተኛው ቅብብል ሳይነካ የመጀመሪያው ተቋርጧል፤ ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝና ልጓም ስለቀረ እግሩ በራሱ ይገተራል።

ያን አውራ ጣት ለአፍታ እንያዘው። የጥቂት ወር ሕፃን ውስጥ እግርን ብትጭሩም ጣቱ እንዲሁ ወደ ላይ ይነሣል። ሕፃኑ ግን አልታመመም፤ ከአንጎል እስከ ወገብ የሚወርደው ክር ገና አልጎለመሰም። ክሩን የሚሸፍነውና መልእክቱን የሚያፋጥነው ስብ መሰል ልባስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቀስ በቀስ ይለብሰዋል። ልጁ ዳዴ ብሎ፣ ቆሞ፣ ከዚያ የሚራመደው ከዚህ ጋር አብሮ ነው። ጓያ እንግዲህ በሕፃንነት ያንን ሁሉ ጊዜ የፈጀውን ክር ነው ከጎልማሳው የሚወስድበት።

የትኛው ነርቭ ተመልሶ ያድጋል?

የስፔኑ ሐኪም ሳንትያጎ ራሞን ኢ ካሃል በ1890 በጽንስ ውስጥ የሚያድገውን የነርቭ ክር በአጉሊ መነጽር ተመለከተ። የክሩ ጫፍ ሰፋ ያለ ነው፤ ወዲያና ወዲህ እየዳሰሰ፣ መንገዱን እየፈለገ ወደ መድረሻው ያመራል። ጽንሱ ሲጎለምስ ያ ዳሳሽ ጫፍ ይጠፋል። ነርቭ ሲቆረጥ ግን ይመለሳል ወይ?

ከአከርካሪ ውጭ ላለው ነርቭ መልሱ አዎ ነው። ክሩ ሲቆረጥ ዙሪያውን ያሉት ሽዋን የሚባሉ ሕዋሳት የሞተውን ቁራጭ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ለአዲሱ ክር መንገድ ይሆኑለታል። ዕድገቱ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጉልበት ላይ የተቆረጠ ነርቭ እግር ጫፍ ለመድረስ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ቢሆንም ተስፋ አለው። የሥጋ ደዌ ተንኮል እዚህ ላይ ነው፤ ባክቴሪያው የሚሰፍረው ነርቭን ለማደስ በተሰለፈው በዚያው በሽዋን ሕዋስ ውስጥ ነው። ይህን በሽታ ለማከምና ለማጥናት አዲስ አበባ ላይ አለርት በ1965፣ የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ደግሞ በ1970 ተመሥርተዋል። ሥጋ ደዌ ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ላለው ክር ግን መልሱ ሌላ ነው። ካሃል ራሱ የዕድሜ ልክ ሥራውን ሲያጠቃልል የጎለመሰ አንጎል ውስጥ መንገዱ ያለቀና የተዘጋ መሆኑን ጽፏል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ አልበርት አጓዮና ባልደረቦቹ ከእግር የተወሰደ የነርቭ ቁራጭ ኅብለ ሰረሰር ላይ ሲተክሉ፣ አያድግም የተባለው ክር ወደ ተተከለው ነርቭ ገብቶ ረዘመ። ክሩ የማደግ አቅሙን ጨርሶ አላጣም ማለት ነው፤ ከልካዩ ዙሪያው ነው። ማርቲን ሽዋብ ዙሪክ ላይ ይህን ጥያቄ ተከታትሎ፣ በአንጎል ነጭ ክፍል ውስጥ ዕድገትን የሚያግድ ፕሮቲን መኖሩን አሳየ፤ ፕሮቲኑም ኖጎ ተባለ። ይህን እገዳ ለማንሣት የታሰቡ መድኃኒቶች በአደጋ አከርካሪያቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ እየተሞከሩ ነው።

ይህ ትልቅ ምርምር ነው፤ ለዛሬው ታማሚ ግን ገና አልደረሰም። ጓያ ለያዘው ሰው ሆስፒታል ያለው ነገር ግትርነትን የሚያላላ ኪኒን፣ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና፣ አንዳንዴም ያጠረ ጅማትን የሚያስረዝም ቀዶ ሕክምና ነው። ይህ ኑሮን ያቀልላል እንጂ የሞተውን ክር አይመልስም።

መርዙና ሥራው

የጓያ ጉዳት የቆየ ታሪክ አለው። በሂፖክራቲስ ስም በሚታወቁት የጥንት ግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ፣ በረሃብ ጊዜ ጥራጥሬ ብቻ የበሉ ሰዎች እግራቸው እንደ ደከመ ተጽፏል። ጣሊያናዊው ሐኪም ካንታኒ በ1873 በሽታውን ላቲሪዝም ብሎ ሰየመው። መርዙ ራሱ የተለየው ግን በ1964 ህንድ ውስጥ ነው። ባጭሩ ኦዳፕ ይባላል።

ኦዳፕ በአንጎል ውስጥ ነርቭ ከነርቭ ጋር የሚነጋገርበትን ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ይመስላል። ግሉታሜት ደግ እንግዳ ነው፤ መልእክቱን ያደርስና ወዲያው ይሸኛል። ኦዳፕ እሱን መስሎ ይገባል፤ ግን ቶሎ የሚሸኘው የለም። ሕዋሱ ያለ እረፍት ይቀሰቀሳል፤ ካልሲየም ይሞላዋል፤ ኃይል የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያዎች ይዳከማሉ። ከዚህ ሌላ መርዙ ሕዋሱ ራሱን ከኦክስጅን ቃጠሎ የሚከላከልበትን ግሉታታዮን የተባለ ንጥረ ነገር ያሳንሳል። ግሉታታዮን የሚሠራው ሰልፈር ካላቸው አሚኖ አሲዶች ነው። ጓያ ደግሞ ፕሮቲኑ ብዙ ቢሆንም የሚጎድለው በተለይ እነዚህ ናቸው። ጓያ ብቻ የሚበላ ሰው እንግዲህ መርዙን ይወስዳል፤ ማርከሻውን ግን አያገኝም። እነዚህ አሚኖ አሲዶች በጤፍ፣ በስንዴ፣ በገብስና በማሽላ ውስጥ ይገኛሉ።

ይህ መርዝ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ያሳየ አንድ መጥፎ ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 መጨረሻና በ1943 መጀመሪያ፣ ቫፕንያርካ በሚባል በሩማንያ አስተዳደር ሥር በነበረ ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች ዋና ምግባቸው ጓያ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞች እግራቸው ተያዘ። ከእስረኞቹ አንዱ ሐኪሙ አርተር ኬስለር ነበር። ምክንያቱን የለየው እሱ ነው። እስረኞቹ ጓያውን አንበላም አሉ፤ በመጨረሻ ምግቡ ተቀየረ። ከጦርነቱ በኋላ ኬስለር ከተረፉት ብዙዎቹን እስራኤል ውስጥ ለዓመታት ተከታተላቸው። ጓያው ከቀረ በኋላ በሽታው በአብዛኛው እየባሰ አልሄደም፤ የተጎዳውም አልዳነም። በ1986 ደግሞ ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ መርዙን ለጦጣዎች ሰጥተው ተመሳሳይ የእግር ምልክት እንዳዩ አሳተሙ።

የአገራችን ተመራማሪዎች ያገኙት

በኢትዮጵያ ስለ ጓያ ወረርሽኝ የተጻፈ ጥናት በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። ይህን አካባቢ በቀጥታ የሚመለከተው ሥራ ግን የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው ነው። ደንቢያና ፎገራ ላይ ቤት ለቤት እየዞሩ ታማሚ ፈለጉ፤ ውጤቱ በ1990 ታተመ። በአማካይ ከሺህ ሰው ስድስቱ የጓያ ጉዳት ነበረባቸው፤ በአንዳንድ ቦታ ከመቶው ወደ ሦስት ይጠጋ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ ፕሮፌሰር ረዳ ቡታጅራ ላይ በ60 ሺህ ሰዎች መካከል ባደረጉት ጥናት ከነርቭ በሽታዎች ሁሉ የበዛው የሚጥል በሽታ ሲሆን ቁጥሩ ከሺህ አምስት ገደማ ነበር። ፎገራና ደንቢያ ላይ ጓያ ብቻውን ያን ያህል ሰው ነክቶ ነበር ማለት ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ከአርባ ዓመት በታች ነበሩ፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ይበዙ ነበር። ቤት ለቤት መሄዱ ትልቁ ቁም ነገር ነው፤ እግሩ የተያዘ ሰው ሆስፒታል ለመድረስ አቅም ስለሌለው፣ ሆስፒታል መዝገብ ላይ የሚታየው ከእውነተኛው ቁጥር እጅግ ያነሰ ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ከጋይንት በስተምሥራቅ በደላንታና በዳውንት ደጋ ላይ ሌላ ወረርሽኝ ተነሣ። አዝመራ ጠፍቶ ጓያ ብቻ የቀረበት ጊዜ ነበር። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ እንደ ዘገቡት፣ ወደ ሁለት ሺህ የሚደርስ ሰው እግሩ ተይዞ ነበር። ቡድኑ ወረርሽኙን ዘግቦ አላበቃም፤ ወደ ማጀት ገባ። የታመሙትንና ያልታመሙትን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ጓያውን እንዴት አዘጋጅታችሁ በላችሁ ብሎ ጠየቀ።

መልሱ በ2003 ታተመ፤ ለእናቶቻችን ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ የሚጠቅም ነው። አደጋው የጨመረው ጓያውን ንፍሮ፣ ቆሎና ጥሬ እሸት አድርገው በበሉት ላይ ነው። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ በበሉት ላይ ያን ያህል አልታየም። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉትም የተሻሉ ነበሩ፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገቡበት ወጥም ያግዛል። ሌላው የቡድኑ ጥናት ጓያን በሸክላ ድስት ብቻ ማብሰልም አደጋውን ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች ጋር አያይዞታል። ይህ ሁሉ መርዙ ስለሚሠራበት መንገድ ቀደም ብለን ከተናገርነው ጋር ይገጥማል። መርዙ በውኃ ይሟሟል፤ ሊጥ ሲቦካ ይቀንሳል፤ የሌላው እህል ፕሮቲን ደግሞ የጎደለውን ይሞላል።

ተመራማሪዎቹ የሕዝቡንም እምነት ጠይቀዋል። ጓያ ማሳ ውስጥ መሄድ፣ ገለባው ላይ መተኛት፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ መንካት እግር ይይዛል የሚል አባባል በብዙ ቦታ አለ። ሕዝቡ እህሉንና በሽታውን ማገናኘቱ ትክክል ነው፤ መንገዱ ግን በአፍ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው እናት እንፋሎቱን እየሸሸች ለልጇ ቆሎ ቋጥራ ለእረኝነት ስትሰድደው ነው። ልጁ ቆሎው ላይ የማሳውን እሸት ይጨምርበታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ጓያን እንከልክል የሚል ሰው አይጠፋም። ህንድ በ1961 በብዙ ግዛቶቿ ሽያጩን ከለከለች፤ ገበሬው ግን መዝራቱን አልተወም፤ ምክንያቱም ሌላው ሲደርቅ የሚቆመው እሱ ነው። በፎገራም በጋይንትም ያው ነው። በክፉ ዓመት ጓያ የቀረው ሰው ጓያ ተከልክሎ ምን ይብላ? ችግሩ እህሉ መኖሩ አይደለም፤ ሌላ እህል አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ መጠን፣ ስለ አዘገጃጀትና ስለ ጊዜ ነው።

በቤት ውስጥ፦ ጓያን ብቻውን ለወራት ዋና ምግብ አታድርጉት። ቢያንስ ሲሶው ሌላ እህል ይሁን። ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፤ ስትቀቅሉትም በብዙ ውኃ ቀቅላችሁ ውኃውን ድፉት። ከቆሎና ከንፍሮ ይልቅ የቦካ እንጀራና ቅመም ያለው ወጥ ይሻላል። እሸቱን ልጆች በብዛት እንዳይበሉ ጠብቋቸው። በገበያ የሚሸጥ ርካሽ ሽሮ ብዙ ጊዜ ጓያ እንዳለበትም አስታውሱ፤ በወጥ መልክ በመጠኑ መበላቱ አያስፈራም፤ ሌላ ሳይኖር ቀን ከቀን መበላቱ ነው የሚያሰጋው።

ምልክቱን ለዩ፦ አንዳንዴ ሰውየው ከእንቅልፉ ሲነቃ ወይም ከከባድ ሥራ በኋላ በድንገት ይጀምረዋል። ባቱ ይኮማተራል፤ እግሩ ይከብደዋል፤ ሲሮጥ ይሰናከላል። በዚያው ቀን ጓያ መብላቱን ያቁም። ኬስለር ያስተማረን ይህን ነው፤ መርዙ ሲቀር ጉዳቱ በአብዛኛው ባለበት ይቆማል። ያለ በትር እየሄደ ያቆመ ሰው ያለ በትር የመኖር ዕድሉ ትልቅ ነው፤ «ይለፍልኛል» ብሎ የቀጠለ ግን ወደ አንድ በትር፣ ወደ ሁለት በትር፣ በመጨረሻም ወደ መዳኽ ሊሄድ ይችላል። በሽታው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም፤ ታማሚውን ከማዕድ ማራቅ አያስፈልግም።

በማሳ፦ መርዙ የቀነሰ የጓያ ዝርያ በአገራችን ምርምር ተገኝቶ ተለቅቋል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ድርቅ የመርዙን መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ዝርያው መልካም ቢሆንም በክፉ ዓመት ጥንቃቄው አይቀርም። ንብ ከአካባቢ ዝርያ ጋር ስለምታዳቅለውም ዘሩ በየጊዜው መታደስ አለበት።

በጤና ኬላና በወረዳ፦ የእኔ ዋና አሳብ እዚህ ላይ ነው። የአከርካሪ ነርቭን የሚያድስ መድኃኒት እስኪመጣ ድረስ፣ እግርን የሚያድነው ሥራ የሚሠራው ሰውየው ገና በሁለት እግሩ እየሄደ ሳለ ነው። ለዚያ ያለን ጊዜ አጭር ነው፤ ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ሁለት ወር ከዘለቀ አደጋው ይጀምራል። የእርዳታ እህል ረሃቡ ሲታወጅ ሳይሆን በዚያ ሁለት ወር ውስጥ መድረስ አለበት። ብዙም መሆን የለበትም፤ ቤተሰቡ ጓያውን የሚቀላቅልበት ጥቂት ስንዴ ወይም ማሽላ እንኳ ቢመጣ ብዙ እግር ያተርፋል።

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ችግር በተሰማበት ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ከምትጠይቃቸው ጥያቄዎች ጋር አንድ ብትጨምር ይበቃል፤ «ጓያ ብቻ መብላት ከጀመራችሁ ስንት ሳምንት ሆናችሁ?» መልሱ ከስድስት ሳምንት ካለፈ ያ ቤት በወረዳው የእርዳታ ዝርዝር ላይ ቀድሞ ይጻፍ። ይህን ጥያቄ በደቡብ ጎንደር በየቀበሌው የምንጠይቅ ከሆነ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ፎገራ ላይ የቆጠሩትን ያህል ሰው ዳግመኛ የምንቆጥርበት ምክንያት አይኖርም።